ባንኩ ሰው አያውቅም፣ ወረቀት ነው የሚያውቀው

ባለፈው ቅዳሜ ቡና እየተቆላ የጎረቤታችን ልጅ መጣ። ዲቪ ደርሶት ቪዛው ተመትቶለታል። በወሩ መጨረሻ ከጎንደር አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ በአዲስ አበባ በኩል አሜሪካ ይገባል። እኔ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባንክ ቤት መስኮት ላይ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ፣ ከሰፈራችን ወደ ውጭ የሚሄድ ሁሉ አንድ ቀን እኛ ቤት ጎራ ማለቱ አይቀርም። ወንድሜ ጀርመን፣ እህቴ አሜሪካ ናቸው። የእነሱንም ጣጣ በስልክ አብሬ ኖሬዋለሁ።

«እትዬ፣ ስንት ዶላር ይዤ ልሂድ?» አለኝ ገና ሳይቀመጥ።

«መጀመሪያ ፓስፖርትህንና ዲግሪህን አምጣ» አልኩት።

አመጣ። ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ የአባቱ ስም ዲግሪው ላይ በአንድ «ኤስ»፣ ፓስፖርቱ ላይ በሁለት «ኤስ» ነው። «ታዲያ ያው እኔው አይደለሁ?» አለኝ።

እዚህ አዎ፣ ያው እሱው ነው። ጎንደር ውስጥ የአንድ ደንበኛ ፊርማ ትንሽ ቢዛነፍ ቀና ብለን ፊቱን እናያለን። መታወቂያ እንጠይቃለን፣ ግን የማን ልጅ እንደሆነም፣ ሱቁ የት እንደሆነም እናውቃለን። ብድር ሲፈልግ ዋስ ያመጣል፤ ዋሱም ሰው ነው። በሰው አገር ባንክ ግን የሚያውቃችሁ ሰው የለም። የሚያውቃችሁ ወረቀት ነው። ስማችሁ፣ የልደት ቀናችሁ፣ አድራሻችሁ፣ ደግሞም ዕዳችሁን በቀኑ መክፈላችሁ። ይህንን የያዘ ሰው የቀረውን ቀስ እያለ ይደርስበታል።

ስለ ስም ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ስም የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። የእነሱ ቅጽ ደግሞ የራስ ስምና የቤተሰብ ስም ይላል። እኛ የቤተሰብ ስም የሚባል የለንም። ስለዚህ አንዱ መሥሪያ ቤት የአባትን፣ ሌላው የአያትን ይወስዳል። ሦስት ወር ሳይሞላ አንዱ ሰው ሁለት ሰው ሆኖ ያርፈዋል። ደመወዙ በአንዱ ስም ይመጣል፣ የባንክ ሂሳቡ በሌላው ስም ተከፍቷል። ማድረግ ያለባችሁ ፓስፖርቱ በየትኛው ሳጥን የትኛውን ስም እንዳስቀመጠ ማየት ነው። ከዚያ አንድ ፊደል ሳትለውጡ ሁሉንም ቅጽ በዚያው ሙሉ። ባልና ሚስት የተለያየ የአባት ስም ነው ያለን፤ የልጆቻችን ስምም ከእናታቸው ጋር አይገጥምም። እዚያ ይህ ያስጠይቃል። የጋብቻና የልደት የምስክር ወረቀት ተተርጉሞና ተረጋግጦ ይያዝ።

የቀን ነገርም እንደዚሁ ነው። የእኛና የእነሱ ዘመን በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያያል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላ ነገር አለ። አሜሪካኖች ወርን ያስቀድማሉ፣ እንግሊዞች ቀንን። 03/07 ተብሎ የተጻፈ ቀን አሜሪካ ውስጥ ማርች 7 ነው፣ እንግሊዝ ውስጥ ጁላይ 3። የልደት ቀን በዚህ ከተገለበጠ ለማስተካከል ወራት ይፈጃል። ሰዓቱንም አትርሱ። 9 ሰዓት ሲሏችሁ የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ማለታቸው ነው። የወንድሜ የመጀመሪያ የባንክ ቀጠሮ ያመለጠው በዚህ ምክንያት ነው።

አድራሻ ደግሞ ሌላው ፈተና ነው። እኛ «ከጃንተከል ዋርካ ወረድ ብሎ» ብለን ተነጋግረን እንገናኛለን። እዚያ የቤት ቁጥር፣ የመንገድ ስምና የፖስታ ኮድ የሌለው ሰው እንደሌለ ይቆጠራል። የባሰው ደግሞ ቤት ለመከራየት የባንክ ሂሳብ ይጠየቃል፣ ሂሳብ ለመክፈት የቤት አድራሻ ይጠየቃል። መውጫው እንደየአገሩ ነው። ጀርመን ውስጥ ቤት በገባችሁ በ2 ሳምንት ጊዜ በከተማው ቢሮ መመዝገብ ግዴታ ነው። ባንኩ የሚፈልገው የዚያን ምዝገባ ወረቀት ነው። እንግሊዝ ለተማሪ ዩኒቨርሲቲው ለባንክ የሚሆን ደብዳቤ ይጽፋል። አሜሪካ የኪራይ ውል ወይም በስማችሁ የመጣ የመብራት፣ የስልክ ሂሳብ ብዙ ጊዜ ያገለግላል። ዘመድ ቤት የምታርፉ ከሆነ ስማችሁን የቤቱ ፖስታ ሳጥን ላይ ለጥፉ። ካርዱ በአንድ ፖስታ፣ የምስጢር ቁጥሩ በሌላ ፖስታ ሊመጣ ይችላል። ሳጥኑ ላይ ስማችሁ ከሌለ ፖስታ አድራሹ ይዞት ይመለሳል።

ብዙ ሰው የማያውቀው መብትም አለ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ሰው፣ ጥገኝነት ጠያቂም ጭምር፣ መሠረታዊ የባንክ ሂሳብ የማግኘት መብት አለው። ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ጀርመን ከ2016 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላዋለች፤ ሂሳቡን «ባዚስኮንቶ» ይሉታል። ማመልከቻው ተሟልቶ ከገባ ባንኩ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ማስተናገድ አለበት። ካናዳም ሥራ የሌለው፣ መጀመሪያ የሚያስገባው ገንዘብ የሌለው ሰው ተገቢውን መታወቂያ ካሳየ ሂሳብ መክፈት ይችላል። አሜሪካ እንዲህ ያለ መብት የለም። ነገር ግን ባንኮቹ አሠራራቸው ይለያያል። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ ማለት መንግሥት ለየሰው የሚሰጠው መለያ ቁጥር፣ ሳይመጣ በፓስፖርት የሚከፍቱ ባንኮችና ክሬዲት ዩኒየኖች (የቁጠባና ብድር ማኅበራት) አሉ። አንዱ መስኮት ላይ «አይሆንም» ቢሏችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ ሌላው ጋ ሂዱ። እህቴ የተሳካላት ሦስተኛው ላይ ነው።

ለትምህርት ጀርመን የምትሄዱ ደግሞ ገና ከዚህ ሳትነሱ ብሎክድ አካውንት የሚባለው ይገጥማችኋል። ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ አስቀድሞ ይገባል፣ እዚያ ስትደርሱ በወር 992 ዩሮ እየተለቀቀ ይሰጣችኋል። ገንዘቡ የራሳችሁ ነው፤ ለማንም የተከፈለ ክፍያ አይደለም። ደላላ «ለቪዛ የሚከፈል ነው» ካላችሁ እየዋሸ ነው።

ሂሳቡ ከተከፈተ በኋላ ያለው የዕለት ኑሮ ብዙ አይከብድም። ደመወዝ የሚገባበትና ወጪ የሚደረግበት ሂሳብ አንድ ነው፣ የቁጠባው ሌላ። ብዙ የአሜሪካ ባንኮች በሂሳቡ ላይ የወር ክፍያ ይቆርጣሉ። ደመወዛችሁ በቀጥታ የሚገባ ከሆነ ወይም የተወሰነ ገንዘብ ካስቀመጣችሁ ግን ብዙ ጊዜ ይቀራል። ሂሳቡን ስትከፍቱ «ይህ ክፍያ የሚቀረው ምን ሳደርግ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። እኔ መስኮት ላይ ሳለሁ የሚጠይቅ ደንበኛ ደስ ይለኝ ነበር።

ኦቨርድራፍት የሚባለውን ግን ተጠንቀቁ። እዚህ ሂሳባችሁ ላይ ብር ከሌለ ኤቲኤሙ «የለም» ይላችኋል፣ በቃ። እዚያ ባንኩ የጎደለውን ሞልቶ ይከፍልላችኋል፣ ከዚያ ይቀጣችኋል። የ4 ዶላር ቡና ገዝቶ 35 ዶላር የተቆረጠበት ሰው ብዙ ነው። አሜሪካ ውስጥ በኤቲኤም ሲወጣና በካርድ ሲገዛ ባንኩ ይህንን ማድረግ የሚችለው እናንተ ከፈቀዳችሁ ብቻ ነው። ችግሩ ፈቃዱ ከሚፈረሙት ወረቀቶች መሃል መኖሩ ነው። «አልፈልግም» የሚለውን ምረጡ። ካርዱ እምቢ ቢል ቅር አይበላችሁ።

ገንዘብ በራሱ ጊዜ ከሂሳብ የሚቆረጥበት አሠራርም አለ። ለስልክ፣ ለመብራት፣ ለኢንሹራንስ ድርጅቱ ራሱ ከሂሳባችሁ ይወስዳል። መጀመሪያ ያስደነግጣል፣ ግን ቀን እንዳያልፍባችሁ ይረዳል። ጀርመን ውስጥ በዚህ መንገድ የተወሰደ ገንዘብ ካልተስማማችሁበት እስከ 8 ሳምንት ድረስ ባንኩን ጠይቃችሁ ታስመልሳላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ክሬዲት፣ ማለት ብድርና ዱቤ።

ቅዳሜ ገበያ ያለ ነጋዴ ዕቁብ ሲገባ የሚመዘነው በምንድን ነው? በሀብቱ አይደለም። «ይህ ሰው ቀን አያሳልፍም» መባሉ ነው። ዳኛው እንዲህ ካለለት የመጀመሪያው ዕጣ ቢወጣለትም ማንም አይሰጋም። ቀን የሚያሳልፍ ደግሞ ሚሊየነር ቢሆንም የመጨረሻው ዕጣ ይጠብቀዋል። የክሬዲት ታሪክ ማለት ይኸው ነው። አሜሪካ ውስጥ ዳኛውን የተኩት ኤኩዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን የሚባሉ ሦስት ድርጅቶች ናቸው። ማን በስንት ቀን እንደከፈለ ይመዘግባሉ። ከዚያ መዝገብ ከ300 እስከ 850 የሚደርስ ነጥብ ይወጣል። ቤት አከራዩ ያየዋል፣ መኪና ሻጩ ያየዋል፣ ባንኩ ያየዋል። ጀርመን «ሹፋ» የሚባል ድርጅት ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

እዚህ ያላችሁ መልካም ስም አብሯችሁ አይሄድም። ጎንደር ላይ ሃያ ዓመት ቀን ሳያሳልፍ የከፈለ ነጋዴም አሜሪካ ሲደርስ መዝገቡ ባዶ ነው። ይህ ብዙ ትልልቅ ሰዎችን ያስከፋል። ቅር መሰኘታቸው ይገባኛል። ግን ባዶ መዝገብ መጥፎ መዝገብ አይደለም። ካርድ ወይም ብድር ከተከፈተላችሁ በስድስት ወር ግድም ነጥብ መውጣት ይጀምራል።

አጀማመሩ እንዲህ ነው። ሴኩርድ ካርድ የሚባል አለ። 200 ዶላር መያዣ ታስገባላችሁ፣ 200 ዶላር ድረስ በዱቤ የምትገዙበት ክሬዲት ካርድ ይሰጣችኋል። በወር አስቤዛ 40 ወይም 50 ዶላር ግዙበት። ሂሳቡ ሲመጣ ሙሉውን ክፈሉ። በሚቀጥለው ወር እንደገና። ሌላ ጥበብ የለውም። ብዙዎች በሚጠቀሙበት የነጥብ አሠራር 35 በመቶውን የሚይዘው በቀኑ መክፈል ነው። 30 ቀን ያለፈበት ክፍያ መዝገቡ ላይ ከገባ 7 ዓመት ይቀመጣል። ከተፈቀደላችሁም እስከ ጥጉ አታውጡ። ከ30 በመቶ በታች መቆየቱ ይመከራል።

ወረቀቱ ላይ «ዝቅተኛ ክፍያ» የሚል ቁጥር አለ። እባካችሁ ይህንን ቁጥር እንደ ዕዳችሁ አትዩት። በቁጥር ላሳያችሁ። 1,000 ዶላር ዕዳ አለባችሁ እንበል፣ ወለዱ በዓመት 24 በመቶ፣ ማለት በወር 2 በመቶ። የመጀመሪያው ወር ወለድ ብቻ 20 ዶላር ነው። 30 ዶላር ብትከፍሉ ከዕዳው የሚቀነሰው 10 ዶላር ብቻ ነው። ዓመት ሙሉ በየወሩ 30 ስትከፍሉ 360 ዶላር ከእጃችሁ ይወጣል፣ ዕዳው ግን ገና 866 ዶላር ግድም ነው። በዚህ አካሄድ ለመጨረስ 4 ዓመት ከ8 ወር ይፈጃል። አንድ ሺህ ተበድራችሁ ከ1,660 ዶላር በላይ ትከፍላላችሁ፤ ያውም ከዚያ ወዲያ ምንም ካልገዛችሁበት። የአገራችን ሰው ለልጅ ክርስትና፣ ለቤት ዕቃ፣ ለአውሮፕላን ቲኬት እያለ እዚህ ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ። ሌት ተቀን እየሠራ ለወለድ የሚያድር ሰው በጣም ያሳዝነኛል።

ስለ ዕቁብ ካነሳሁ አይቀር ይህንን ልጨምር። ወገኖቻችን በየሄዱበት ዕቁብ ይጥላሉ፣ ደስ የሚል ነገር ነው። ዕጣው በጥሬ ገንዘብ ከወጣ ግን አሜሪካ ውስጥ ባንክ ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባለት ለመንግሥት ያሳውቃል። ይህ ወንጀል አይደለም፣ የተለመደ ወረቀት ነው። ወንጀል የሚሆነው ሪፖርቱን ለመሸሽ ብሎ ገንዘቡን ከፋፍሎ ማስገባት ነው። ዛሬ 6,000፣ ነገ 6,000 እያሉ። ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ ድርጊቱ ራሱ ያስከስሳል። ስለዚህ አንድ ላይ አስገቡ። የዕቁቡን ደብተርም አስቀምጡ። ከአገር ቤት አሜሪካ ስትገቡም ከ10,000 ዶላር በላይ ከያዛችሁ በጉምሩክ ቅጽ ላይ አሳውቁ።

ከሁሉ በላይ የምፈራው «ሂሳብሽን አንዴ አውሺኝ» የሚባለውን ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከማናውቀው ሰው አይደለም፣ ከአገር ልጅ ነው። «ገንዘብ ይገባልሻል፣ አውጥተሽ ለእገሌ ስጪልኝ፣ ላንቺም 100 ዶላር ያዢ» ይላል። ወይም ደግሞ «እዚህ ዶላሩን ለዚህ ሰው አስገቢ፣ እናትሽ ጎንደር ላይ ብሩን ይቀበላሉ» ይላል። ያ ዶላር ከየት እንደመጣ አታውቁም። ከተጭበረበረ ሽማግሌ ወይም ከሰረቁት ካርድ ሊሆን ይችላል። ባንኩ የሚያየው ወረቀቱን ነው፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ደግሞ የእናንተ ስም ነው። ሂሳቡ ያለ ማብራሪያ ይዘጋል። አሜሪካ ውስጥ ባንኮች የሚመለከቱት ቼክስ ሲስተምስ የሚባል መዝገብ አለ፣ እዚያ የገባ ስም 5 ዓመት ይቆያል። እንግሊዝ ውስጥ ሲፋስ የሚባለው መዝገብ 6 ዓመት ይይዛል። በእነዚያ ዓመታት ሌላ ባንክ ለማግኘት መከራ ነው። እስርም አለበት። ለዘመድ «አይሆንም» ማለት ለእኛ ሰው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ገንዘብ ካላችሁ አበድሩት፣ ሂሳባችሁን ግን አታውሱት።

ለቤተሰብ ስለ መላክ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከመወሰኑ በፊት የጥቁር ገበያው ዋጋ የባንኩን እጥፍ ደርሶ ነበር። ሰው በጥቁር ቢልክ ምክንያቱ ይገባናል። ዛሬ ልዩነቱ እንደዚያ አይደለም፣ አደጋው ግን ያው ነው። በሕጋዊ ላኪ ስትልኩ «ክፍያ የለውም» የሚለውን ማስታወቂያ ሳይሆን እናታችሁ እጅ የሚገባውን ብር አወዳድሩ። ለምሳሌ 200 ዶላር ትልካላችሁ። አንዱ 5 ዶላር ቆርጦ በ150 ብር ቢመነዝር 29,250 ብር ይደርሳል። ሌላው በነፃ ብሎ በ144 ቢመነዝር 28,800 ብር ነው። ነፃ የተባለው 450 ብር በላ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ላኪው ክፍያውን፣ ምንዛሪውንና የሚደርሰውን ብር ከመክፈላችሁ በፊት የማሳየት ግዴታ አለበት። ገንዘቡ ገና ካልተወሰደ ከከፈላችሁ በ30 ደቂቃ ውስጥ መሰረዝም ትችላላችሁ። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ደግሞ እዚያ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ሄዶ የሚልክ 1 በመቶ ታክስ ይከፍላል። ከአሜሪካ ባንክ ሂሳቡ ወይም ከካርዱ የሚልክ አይከፍልም።

ካርድ ቢጠፋባችሁ ወይም ያላወጣችሁት ገንዘብ ወጥቶ ብታዩ ቀን አትቁጠሩ። የአሜሪካ ሕግ የዴቢት ካርዱ፣ ማለት ከራሳችሁ ሂሳብ የሚቆርጠው ካርድ፣ መጥፋቱን ባወቃችሁ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ካሳወቃችሁ ኪሳራችሁን ከ50 ዶላር አያሳልፈውም። ከዚያ ካለፈ እስከ 500 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ስቴትመንት (የሂሳባችሁ እንቅስቃሴ ዝርዝር) ከተላከላችሁ 60 ቀን ካለፈ ደግሞ ከዚያ ወዲያ የወጣው ሁሉ የእናንተ ዕዳ ሆኖ ሊቀር ይችላል። «ከባንክ ነው የምንደውለው፣ የመጣልህን ኮድ ንገረን» የሚል ስልክ እዚህም እዚያም ሌባ ነው። ዝጉትና ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ራሳችሁ ደውሉ። «ግብር አለብህ፣ ከሱቅ የስጦታ ካርድ ገዝተህ ቁጥሩን ንገረን» የሚልም ሌባ ነው፤ በስጦታ ካርድ ግብር የሚያስከፍል መንግሥት የለም። ከሚገባችሁ በላይ የተጻፈ ቼክ ልኮላችሁ «ትርፉን መልስልኝ» የሚልም እንዲሁ ነው። ቼኩ ሂሳባችሁ ላይ የገባ መስሎ ይታያል፣ ከቀናት በኋላ ሐሰተኛ ሆኖ ይመለሳል፣ የላካችሁት ገንዘብ ግን አይመለስም።

ባንኩ ቢወድቅስ ለሚል፣ አሜሪካ እስከ 250,000 ዶላር፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች እስከ 100,000 ዩሮ በየባንኩ ዋስትና ይሰጣሉ። ለጀማሪ ይህ የሚያሳስብ ነገር አይደለም።

ከመነሳታችሁ በፊት እዚህ የሚጨርሱት ሁለት ነገር አለ። የጎንደር ሂሳባችሁን የሚያንቀሳቅስ ሰው ካስፈለገ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ውክልና ስጡ። ባንክን በስም ጠቅሶ «ገንዘብ ማውጣት» የሚል ቃል ይኑረው። እዚያ ከሄዳችሁ በኋላ በኤምባሲ ነው የሚሠራው፣ ተመልሶም ውጭ ጉዳይ መረጋገጥ አለበት። ሁለተኛው ሲም ካርዳችሁ ነው። የሞባይል ባንኪንግ ኮድ የሚመጣው እዚያ ቁጥር ላይ ነው። ለማንም ሰጥታችሁ አትሂዱ።

ልጁ ሦስተኛውን ቡና ጠጥቶ ተነሳ። የዶላሩን ጥያቄ ትቶታል። ሰኞ ጠዋት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ካምፓስ ሬጅስትራር በር ላይ ወረፋ ይዞ ደወለልኝ። በአንድ «ኤስ» የተጻፈውም በሁለት «ኤስ» የተጻፈውም አንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ እየጠየቀ ነበር።